ወደ ግራ የሄደ አይመለስም

ሂባን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አደረ። ጎህ ሲቀድ እናቷ ሙኒራ የልጅቷን ጨርቅ ጠቅልላ ግቢው በር ላይ ወደቆመው አንባቢ ወሰደችው። አንባቢው ከውኃ ቆጣሪ የማይበልጥ ግራጫ ሣጥን ነው። በድሬዳዋ በየግቢው አንድ አንድ አለ፤ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ የሚጎበኘው እሱን ነው። ሙኒራ ከጨርቁ ላይ በስንጥር ቆንጥራ በቀዳዳው ከተተችና ጠበቀች። ሣጥኑ አጉረመረመ፣ ከዚያ አረንጓዴ አበራ።

«ንፁሕ» የሚል ቃል በመስታወቱ ላይ ወጣ።

ባሏ አንዋር ልጅቷን ታቅፎ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ሂባ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ነው የቀራት። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላለች፤ ዓይኗ ግን አልተከደነም።

«ንፁሕ ነው ያለው?»

«ንፁሕ።»

«እንግዲያው ቤታችንን የሞላው ሽቶ ነዋ!» አለ አንዋር። አልሳቀም፣ እሷም አልሳቀችም።

በዚያ ዘመን በሽታ ማለት ቅርፅ ማለት ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ማዕከል በየወሩ መባቻ የወሩን ቅርፆች ያውጃል። የትኛው የአንጀት ቫይረስ በየትኛው አገር እንደሚዞር፣ በላዩ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች እንዴት እንደተጣጠፉ፣ ክንዶቹ ወዴት እንደተዘረጉ ትንበያው አስቀድሞ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ቅርፅ ክንዱን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ጠብታ አለ። ሣጥኑ ቅርፁን ካወቀ ክሊኒኩ ጠብታውን ይሰጣል፤ ልጁም ማታ ራበኝ ይላል። ይህን ማንም አይክድም፤ ጠብታው ስንቱን እናት ከለቅሶ አድኗል። ክፋቱ የመጣው ኋላ ነው፣ ትንበያው ተሳስቶ አያውቅም መባል ሲጀመር። ተሳስቶ አያውቅም በተባለ ነገር ላይ የሚመሰክር አይገኝም፤ የመሰከረ ሁሉ ተሳስቷል ይባላላ።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ የሂባን ሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችና ለቀቀችው። ቆዳው እንደ ሊጥ ቆሞ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«ሲስተር፣ ልጄ እየደረቀችብኝ ነው» አለች ሙኒራ።

«አየሁ እህቴ። ሣጥኑ ግን ንፁሕ ብሏል።»

«ያንቺ ዓይንስ ምን ይላል?»

«የእኔ ዓይን ማኅተም የለውም» አለች ነርሷ፤ የስኳርና የጨው ከረጢቶች ሳትቆጥር አፍሳ ሰጠቻት። «ይሄንን በማንኪያ በማንኪያ ስጫት። ብትተፋውም መልሰሽ ስጫት።»

«በደም ሥር የሚሰጠውስ?»

«እሱ ቅርፅ ይጠይቃል።»

የሕፃናት የተቅማጥ ክፍል ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ጠብታው ሲመጣ ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ሲሆን ተዘጋ፤ ሲዘጋ ደግሞ መዘጋቱ በሽታው ለመጥፋቱ ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። ቅርፅ ለሌለው በሽታ አልጋ የለም። አልጋ ያልያዘ ደግሞ አልታመመም።

ሙኒራ ልጅቷን ለአንዋር ትታ ወደ ሥራ ሄደች። የቀረ ሰው ወንበሩን በማግስቱ ሌላ ተቀምጦበት ያገኘዋል።

የምትሠራው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት አሮጌ የቡና መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ነበር። በፊት በፊት ሴቶች እዚያ ወለል ላይ ተደርድረው የነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለዩ ነበር። አሁን ቡናው የለም፤ ለቀማው ግን አለ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ግድግዳው የጥሬ ቡና አቧራ ይሸታል። ሴቶቹ በክብ ገበታዎች ዙሪያ ተቀምጠው በየፊታቸው ባለው ስክሪን የሕፃናትን ሰገራ ይለቅማሉ፤ በድፍረት ከተነገረ ሥራው ይኸው ነው። ናሙናው ከየክሊኒኩና ከየሣጥኑ እየተሰበሰበ ይመጣል። ከጀርባ ባለው የማቀዝቀዣ ክፍል ከምስር ፍሬ በማይበልጥ የመዳብ ወንፊት ላይ ይረጋና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይነሣል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጭጋግ ነው፤ በጭጋጉ ውስጥ ክብ ክብ ጥላዎች አሉ። እያንዳንዷ ጥላ አንዲት ቫይረስ ናት። ብቻዋን ምንም አታሳይም። ሺዎቹ ተደራርበው፣ ተቻችለው፣ አማካያቸው ሲወጣ ነው ቅርፁ ጠርቶ የሚታየው።

የለቃሚዋ ሥራ መለየት ነው። ክንዶቿ ሁሉ የተሟሉላትን ወደ ቀኝ ትገፋለች፤ ሴቶቹ «ሙሽራ» ይሏታል። የተሰበረችውን፣ የጎደለችውን፣ የተጨማደደችውን ወደ ግራ ትገፋለች፤ እሷ «ገለባ» ናት። አንዱን ወንፊት ገበታው ሁሉ እኩል ያየዋል። ገበታው እርስ በርሱ ከተስማማ፣ ከትንበያውም ከተስማማ ወንበሩ ይጸናል። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው የአዳራሹ ደንብ አንድ ብቻ ነበር፦ ወደ ግራ የሄደ አይመለስም። ገለባ ማጠራቀሚያ የለውም፤ ጣት ሲገፋው ይጠፋል።

ሙኒራ ፈጣን ለቃሚ ነበረች። ባለፈው ዓመት ከአዳራሹ አንደኛ ወጥታ የጠረጴዛ ማራገቢያ ተሸልማለች። በዚህ ሰዓት ማራገቢያው ሂባ ላይ ይዞራል።

«ሙኒዬ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለች ከጎኗ የምትቀመጠው እትዬ አስካለ፣ የገበታው ታላቅ። «አንዋር ማንኮራፋት ጀመረ እንዴ? ወንድ ልጅ አርባን ሲጠጋ ባቡር ይሆናል እኮ።»

«ሂባን አሟት ነው።»

«ጠብታ አልሰጧትም?»

«ሣጥኑ ንፁሕ ነው ይላል።»

«የኛ ጎረቤት ልጅም ንፁሕ ተብሎ ነው...» አለች ከማዶ የተቀመጠችው ኬርያ፤ ከዚያ አፏን ገጠመች። ኬርያ የገበታው ወጣትና ምላሰ ስል ናት፤ ዝም ማለት አያምርባትም።

«ተብሎ ምን?» አለች ሙኒራ።

«ተዪው አቦ።»

«ኬርያ፣ ተብሎ ምን ሆነ?»

ኬርያ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። «ቀበሩታ» አለች።

የሙኒራ ጣት ልማዱን ይሠራል። ሙሽራ፣ ቀኝ። ገለባ፣ ግራ። ገለባ፣ ግራ። ገለባ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ገለባ እንደበዛ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በዝናቡ ያማርሩ ነበር፣ ናሙናው መንገድ ላይ እየሞቀ ይበላሻል እያሉ። ሙኒራ አንዷን ገለባ ገፋችና ሁለተኛዋ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ስክሪኑ መቸኮል እንዳለባት ሊያስታውሳት ብልጭ አለ።

የተሰበረ ነገር እንደየራሱ ነው የሚሰበረው። አንዱ ብርጭቆ ከአፉ፣ አንዱ ከመያዣው፣ አንዱ ከወገቡ። እነዚህ ግን ሁሉም በአንድ መልክ ተሰብረዋል። ጎንበስ ብላ አየች። ክንዶቻቸው የሉም ብላ ነበር ስትገፋቸው የከረመችው። አሉ። እንደበረዳት ሴት ደረታቸው ላይ አጣጥፈዋቸዋል እንጂ። ሣጥኑ የሚፈልገው የተዘረጋ ክንድ ነው፤ ጠብታውም የሚይዘው የተዘረጋ ክንድ ነው። ክንዱን ያጣጠፈ በሁለቱም ፊት ንፁሕ ሆኖ ያልፋል።

ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።

የማቀዝቀዣውን ክፍል የሚመራው ዶክተር ያፌት ድሬዳዋ በምትቀልጥበት ሰዓት ወፍራም ካፖርትና ጓንት ለብሶ የሚሠራ ብቸኛ ሰው ነበር። ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ ሲያጠና ጎልማሳነቱ ያለፈበት ሰው ነው። በሩ ላይ ሲያያት ደነገጠ፤ ለቃሚ እዚያ አይገባም።

«ዶክተር፣ ገለባው ገለባ አይደለም።»

ያፌት ጓንቱን አወለቀ። «አውቃለሁ» አለ።

ሙኒራ መቀመጫ ፈለገች፤ አልነበረም። «ያውቃሉ?»

«ከሰኔ ጀምሮ እጠረጥራለሁ። ለማዕከሉ ደጋግሜ ተናግሬ ነበር። ምን ብለው እንደመለሱልኝ ታውቂያለሽ? ‹የራሳችሁ ለቃሚዎች ገለባ ያሉትን አንተ እንዴት ቅርፅ ትለዋለህ?› አሉኝ። በእናንተ ጣት ነው አፌን የዘጉት።»

«ታዲያ ለኛ ለምን አልነገሩንም?»

«ለቃሚ ምን መፈለግ እንዳለበት ከተነገረው ለቀማው ይበላሻል። የሙያው ሕግ ነው። ፈልግ የተባለ ሰው የሌለውንም ያገኛል። ጭጋግ ውስጥ የፈለግሽው መልክ ሁሉ አለ። እኔ ነግሬያችሁ እናንተ ብታገኙት ማንም አያምነውም ነበር፤ እኔም ራሴ አላምነውም።»

«ትንበያው ምን እንደምንፈልግ በየወሩ የሚነግረን እንዴት ሆኖ ነው ታዲያ?»

ያፌት ያወለቀውን ጓንት መልሶ አጠለቀ። ከጀርባው ከቀዝቃዛው ጋን ነጭ ጉም ወለሉ ላይ እየፈሰሰ እግሩን ሸፈነው። ያ ሰው ሌባ አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። እጁ ንጹሕ እንዲሆን ሲል ዝም ያለ ሰው ነበር። የንጹሕ እጅ ዝምታ ስንት ልጅ እንደሚያስቀብር የሚለካ ማይክሮስኮፕ ገና አልተሠራም።

«ልጄ ታማለች» አለች ሙኒራ። «ምን ላድርግ?»

«አንድ ገበታ፣ አንድም ሳይቀር ተስማምቶ ወደ ቀኝ ከገፋቸው፣ ማሽኑ ትንበያውን ጥሶም ቢሆን ቅርፁን መሥራት ግዴታው ነው። አንዲት ሴት ካልተስማማች ግን ወንፊቱ እንዳለ ይጣላል። የአንድ ከሰዓት ለቀማ ሊበቃ ይችላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከትንበያው የተለየ ገበታ ይታጠፋል። ይሄንን ታውቂያለሽ።»

«ጠብታውስ መቼ ይደርሳል?»

«በዚህ መንገድ የወጣ ቅርፅ አላውቅም፤ ዋሽቼ ቀን አልሰጥሽም።»

ለምሳ ሲነሡ ገበታው እንደ ልማዱ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሳምቡሳው ተከፈለ፤ ሻዩ ተቀዳ። ሙኒራ ያየችውን ነገረቻቸው። ምን እንደምትጠይቃቸው ከመናገሯ በፊት ገባቸው።

«እኔ አላደርገውም» አለች ኬርያ። «ፊት ለፊት ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትቀየሚኝ። ሂባን እወዳታለሁ። ወንበሬ ከሄደ ግን እናቴና ወንድሞቼ በኔ ላይ ናቸው። ደግሞ ተሳስተሽ ቢሆንስ? እናት ነሽ፤ ዓይንሽ ዛሬ የሚያየው የልጅሽን መዳን ነው።»

«ልክ ነሽ» አለች ሙኒራ። «በዓይኔ አልምልልሽም። አንቺ ራስሽ እዪያቸው። ጣትሽን ከመግፋትሽ በፊት አንዴ ብቻ ክንዳቸውን እዪ።»

«ማየት ነው እኮ ጣጣው» አለች ኬርያ።

እትዬ አስካለ ሳምቡሳዋን ጨርሳ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «እናቴ እዚሁ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም ጥሩውን ፍሬ ቀምሳው አታውቅም» አለች። «ጥሩው ባቡር ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። እኛ ቤት የሚፈላው ገለባው ነው። እኔን ያሳደገኝ ገለባ ነው፤ እና እባካችሁ ገለባ ገለባ እያላችሁ ዘመዴን አትስደቡብኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኬርያ ብቻ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ወንፊት መጣ። ሙኒራ ክንዷን ያጣጠፈችውን አየችና ወደ ቀኝ ገፋች። እትዬ አስካለም ገፋች፤ ሌሎቹም። ገበታው መሐል ያለው መብራት ቀይ ሆነ፦ አልተስማማም። ወንፊቱ ተጣለ። ሁለተኛውም ተጣለ። ሦስተኛውም። ሙኒራ ወደ ኬርያ ላለመዞር አንገቷን አደነደነች። እያንዳንዱ ወንፊት ከአንድ ልጅ ሆድ የመጣ ነው፤ የትኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ቀጥሎ የመጣው ላይ መብራቱ ቆየ፣ አመነታ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

ሙኒራ ቀና አለች። የኬርያ ፊት በላብ ታጥቧል።

«ምንም እንዳትዪኝ» አለች ኬርያ። «አየኋቸው። ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ ወዲያ መብራቱ ቀይ አልሆነም። ናሆም፣ የአዳራሹ ተቆጣጣሪ፣ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። እየሮጠ መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ ገበታችሁን ምን ነካው? ስምምነታችሁ እኮ ገደል ገባ!»

«እንደዛሬ ተስማምተን አናውቅም፣ ልጄ።»

«ከትንበያው ጋር ነው የምልዎት!»

«ኧረ እሱን እስቲ አምጣውና አብሮን ይቀመጥ፤ ወንበር አለ።»

ናሆም ወደ ሙኒራ ዞረ። «ሙኒራ፣ አንደኛ ለቃሚዬ ነሽ። ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየለቀምኩ ነው» አለች።

ሊያስቆማቸው ይችል ነበር። ለማስቆም ግን ስክሪኑን ማየት ነበረበት፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ ቁጥር እንጂ ስክሪን አያይም። ከላይ ትእዛዝ እስኪመጣ ጠበቀ። ትእዛዙ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የገበታው መብራት ጠፋ፣ ስክሪኖቹ ጨለሙ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን ሰብስበው ወጡ። ኬርያ በሩ ላይ ሙኒራን አልፋት ሄደች፤ ጥቂት ተራምዳ ተመለሰችና «ሂባን ሳሚልኝ» አለች።

ጳጉሜ ገባች። ሂባ ስታለቅስ እንባ መውጣቱ ቆመ። እርግብግቢቷ ሰመጠ፤ የሻይ ጎድጓዳ ማንኪያ ያህል። አንዋር ከደረቅ ወደቡ ሥራ ቀርቶ በማንኪያ በማንኪያ ያጠጣታል፤ ትተፋዋለች፤ መልሶ ያጠጣታል። ጠዋት ጠዋት ሙኒራ ጨርቁን ወደ ሣጥኑ ትወስዳለች። ንፁሕ። በዚያ ሰሞን ለሣጥኑ ሰላምታ መስጠት ጀምራ ነበር፤ ምናልባት ይራራ እንደሆነ ብላ።

በጳጉሜ አጋማሽ ዶክተር ያፌት ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ወጣ! ሙኒራ፣ ቅርፁ ወጣ! ክንዶቹ ታጥፈዋል፣ ልክ እንዳልሽው። ፕሮቲኑ ከሥሩ ተጠምዝዞ ደረቱ ላይ ተኝቷል። እንዲህ ጠርቶ አይቼ አላውቅም። ማዕከሉ ተቀብሎታል፤ ጠብታውን ሌሊቱን ሠርተው እዚሁ ክሊኒኮቹ ውስጥ አድርሰውታል። አሁኑኑ ውሰጃት!»

ባጃጅ ውስጥ ሂባ ጭኗ ላይ ቀለለቻት። ነርሷ ሮጣ ተቀበለቻቸው። ጠብታው በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሙኒራ በዓይኗ አየችው፣ ከጣት የማይረዝሙ ብልቃጦች። ነርሷ የልጅቷን ናሙና ለክሊኒኩ አንባቢ ሰጠች።

ንፁሕ።

«አዲሱ ቅርፅ የሚገባው በወር መባቻ ነው» አለች ነርሷ። «መስከረም አንድ። ቁም ሣጥኑን የሚከፍተው ሣጥኑ ነው።»

«ዛሬ ጳጉሜ ነው እኮ» አለ አንዋር።

«ጳጉሜን አያውቃትም። ለሱ ገና ነሐሴ ነው።»

አንዋር ቁም ሣጥኑን በእርግጫ መታው። መስታወቱ የሚሰበር ዓይነት አልነበረም። ደጋግሞ መታው፤ ድምፁ በረንዳው ላይ የተቀመጡትን እናቶች አስነሣ። ነርሷ አላስቆመችውም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ከየት እንዳቆየችው የማይታወቅ የግሉኮስ ከረጢት ይዛ መጣች፤ ሕጉን ረግጣ ሰቀለችው። ከዚያ መርፌውን ይዛ የልጅቷን ደም ሥር መፈለግ ጀመረች። በክንዷ ፈለገች። በእግሯ ፈለገች። በግንባሯ ፈለገች።

«አንዴ ብቻ ብቅ በይልኝ እናቴ» ትላለች፣ «አንዴ ብቻ።»

ደም ሥሩ አልተገኘም። ውኃ ያጣ ወንዝ አሸዋው ብቻ ነው የሚቀረው፤ ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን አይነገረውም። ሂባ እናቷን እያየች ነበር። ትንሽ ቆይቶ ማየቷን ተወች።

በዚያው ዕለት ከአስር ሰዓት በፊት ተቀበረች። አንዋር ቃሬዛ አልፈለገም፤ በነጩ ከፈን የተጠቀለለችውን በክንዱ ታቅፎ ሄደ፣ ሣጥኑ ፊት ጠዋት ጠዋት እንደሚያቅፋት። በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የአሟሟቷ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «ንፁሕ» ተብሎ ተጽፏል።

የታጠፈው ገበታ ሴቶች ሁሉም መጡ። እትዬ አስካለ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የሙኒራን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀልደው አጣች። ኬርያ ዕቃ ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ የመጣውን ታስተናግዳለች፤ መቀመጥ አልቻለችም። በመጨረሻ ማራገቢያው ባዶው አልጋ ላይ ሲዞር አየችና ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለች ሙኒራ። «ይዙር።»

«ሙኒራ፣ እነዚያ ሦስት ወንፊቶች...» አለች ኬርያ። «የመጀመሪያዎቹ። እኔ ያስጣልኳቸው። በነሱ ምክንያት ይሆን የዘገየው?»

ሙኒራ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችላት። «ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ ስገፋ የከረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «በዚሁ ጣቴ ነው አምና አንደኛ ወጥቼ የተሸለምኩት። ነይ ተቀመጪ።»

መስከረም አንድ ቀን ማዕከሉ መግለጫ አወጣ። ትንበያው በተለመደው ጥራቱ አዲስ ቅርፅ መለየቱን አበሰረ፤ ለድሬዳዋ ሕፃናትም የአዲስ ዓመት ስጦታ ነው አለ። ስለ ገበታው አልተነገረም፤ ጳጉሜ ውስጥ ስለተቀበሩትም አልተነገረም። ሣጥኖቹ ማወቅ ጀመሩ፣ ቁም ሣጥኖቹ ተከፈቱ። ማታ ሙኒራ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቷ ልጅ ራበኝ ብሎ ሲያለቅስ ሰማች። ጥሩ ለቅሶ ነበር፣ እንባ ያለው። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ እስኪያበቃ ሰማችው።

የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ ገበታው ተመልሶ ተዘረጋ። የታጠፈው በስሕተት ነው ተባለ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከደንቡ ሥር አዲሱ ቅርፅ በቀለም ታትሞ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊ ክብ፣ ደረቱ ላይ በወርቃማ ክንዶች የታቀፈ። ጭጋግ የለበትም፤ አንዲትም ሸካራ ነገር የለበትም። ዶክተር ያፌት ከሥሩ ቆሞ ነበር። ሙኒራን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቆንጆ ነው» አለች ሙኒራ።

«አዎ» አለ፤ አፍሮ።

«የትኛው ነው የሂባ?»

ያፌት ወደ ሥዕሉ ዞረ። «ከብዙ ሺህ ምስል የወጣ አማካይ ነው። ከስንት ልጅ እንደመጣ አይታወቅም። የሷ ሊኖርበት ይችላል። ካለችም... አማካይ ውስጥ አንድም ሰው ለብቻው አይታይም፣ ሙኒራ። እንዲህ የጠራው ሁሉም ስለጠፉበት ነው።»

ናሆም አጨበጨበና ሴቶቹን ሰበሰበ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሙሽራችን ይቺ ናት» አለ ሥዕሉን እየጠቆመ። «ክንዷን ያጣጠፈች። ወደ ቀኝ። ሌላው ሁሉ ገለባ ነው።»

ተቀመጡ። ስክሪኖቹ በሩ። የመጀመሪያው ወንፊት መጣ፤ ጭጋግ፣ በጭጋጉ ውስጥ ጥላዎች። ሙሽራ፣ ቀኝ። ሙሽራ፣ ቀኝ። ክንዳቸውን ያጣጠፉ፣ እንደ ሥዕሉ። የሙኒራ ጣት ልማዱን አልረሳም ነበር። ከሐዘኗ ይልቅ ፈጣን ነው። ሙሽራ። ሙሽራ። ገለባ፣ ግራ። ሙሽራ...

ጣቷ ቆመ።

«ምን ሆንሽ ሙኒዬ?» አለች እትዬ አስካለ።

«አንዷ አለፈችኝ።»

«ምን የመሰለች?»

«እንጃ። ክንዷ ታጥፎም አልነበረም፣ ተዘርግቶም አልነበረም። አይቻት አላውቅም። ሳላያት ገፋኋት።» እጇን ከስክሪኑ ላይ አነሣችና ሌላ ሰው የሰጣት ይመስል አየችው። «ገለባ መሰለችኝ።»

ኬርያ ከማዶ እጇን አነሣች። እትዬ አስካለም አነሣች። አንድ በአንድ የገበታው እጆች ሁሉ ከየስክሪኑ ተነሡ፤ ግን የሚመልሱት ነገር አልነበረም፣ ወዴት እንደሄደችም የሚያውቅ የለም። ከማን ልጅ ሆድ እንደወጣች ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ከተማ እንደመጣችም አይታወቅም።

ስክሪኑ መቸኮል እንዳለባቸው ሊያስታውሳቸው ብልጭ አለ፤ ቀጣዩንም አመጣ።